ዳገት ላይ የምትጠፋው ላዳ

አባቴ ፒያሳ መውጣት ያቆመው በ2002 ዓ.ም. በጋ ላይ ነው። ሥራው ታክሲ ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ ኮንትራት። ለገሃር ቆሞ "ፒያሳ በስንት ትወስደኛለህ?" የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አንገቱን ያዞራል። ሰውየው ካልሄደለት ደግሞ ማንም ጤነኛ ሰው የማይከፍለውን ዋጋ ይጠራል። ማታ ለእናቴ "ዛሬ ሥራ ቀዝቅዟል" ይላታል። ሥራው አልቀዘቀዘም። ቸርችልን ፈርቶ ነው።

ፍርሃቱ የጀመረበትን ቀን አውቀዋለሁ፤ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። አስረኛ ክፍል ነኝ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ከኋላ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን ዳገቱ ሲጠና ላዳዋ ጠፋች። አላጉረመረመችም፣ አልተንተፋተፈችም። አንድ ሰው እጁን ሰዶ ቁልፉን የዘጋባት ነው የሚመስለው። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ፍሬኑን የሚያቀልለው ኃይል ከሞተሩ ነው የሚመጣው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፔዳሉ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ እንጨት ይሆናል። አባቴ ረገጠው ከማለት ቆመበት ማለት ይቀላል። የእጅ ፍሬኑንም በሁለት እጁ ጎተተ። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ሳይለቅ፣ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። ሴትየዋ አንድ ቃል ሳትናገር ወርዳ ሄደች። ሳትከፍል ማለት ነው፤ ደሞ ማን ይጠይቃታል?

አባቴ ኮፈኑን ከፈተ። ከወንበሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ አወጣና በሃይላንድ ከያዘው ውሃ አራሰው፤ የቤንዚን ፓምፑ ላይ ጠመጠመው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ቁልፉን ሲያዞር ላዳዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳች። "ቤንዚኑ ፈልቶ ነው" አለኝ።

ይህ ማብራሪያ የአባቴ ብቻ አልነበረም። የለገሃር ላዳ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደግሞ ውሸት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ውሃ እኛ ቤት 100 ዲግሪ ሳይጠብቅ 92 አካባቢ ላይ የሚፈላው፤ ሽንብራ በቶሎ አልበስል ሲል የሚጠቀሰውም ምክንያት ይኸው ነው። ቤንዚንም እንደ ውሃው ከፍታ ላይ ቶሎ ይተናል። የላዳ የነዳጅ ፓምፕ ደግሞ ሞተሩ ጎን ላይ ተለጥፎ፣ እየጋለ፣ ነዳጁን ከኋላ ካለው ታንክ ስቦ የሚያመጣ ነው። ፓምፕ ፈሳሽ ይገፋል እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። መስመሩ ውስጥ ቤንዚኑ ከተነነ ካርቡሬተሩ ይደርቃል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዘው እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፤ ትነሳለህ። ፊዚክሱ አንድም እንከን የለውም። ፊዚክስ መምህሬን ስጠይቃቸው እሳቸውም "አባትሽ ልክ ነው" አሉኝ።

ከፊዚክሱ በላይ የሚጣፍጥ ታሪክም ነበረው። "ይቺ መኪና የበረዶ ልጅ ናት" ይል ነበር አባቴ። "ራሺያ ለሳይቤሪያ የሠራትን እኛ ፀሐይ ላይ እንነዳታለን።" ይህንን ሲል ድምፁ ውስጥ ትንሽ ርኅራኄ አለ፤ ላዳዋ ራሷ አገር የለቀቀች ስደተኛ ይመስል።

ይህንን ታሪክ ለብዙ ዓመት አምኜው ኖርኩ። በኋላ ማንበብ ስጀምር ነው የፈረሰብኝ። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጅ ዘመን ነው የምቆጥረው።)

ላዳ የበረዶ ልጅ አይደለችም። የጣሊያን ልጅ ናት። ፊያት 124 የምትባለው መኪና በ1966 ቱሪን ላይ ወጣች፤ በ1967 አውሮፓ ውስጥ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። በዚያው በ1966 ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር አንድ ግዙፍ ፋብሪካ ተከለች። ፋብሪካው ያረፈበት ከተማ ከሁለት ዓመት በፊት ስሙ ተቀይሮ ነበር፤ በ1964 በሞተው በጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም ቶሊያቲ ተባለ። የጣሊያን መኪና፣ በጣሊያናዊ ስም በተሰየመ የሩሲያ ከተማ። የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች በ1970 ሚያዝያ ተገጣጥመው ወጡ። በአገራቸው ዥጉሊ ይባሉ ነበር፤ ላዳ የሚለው ስም ለውጭ ገበያ ነው።

እርግጥ ሩሲያኖቹ መኪናዋን እንዳለች አልወሰዷትም። ቆርቆሮዋን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን ጭቃና ጠጠር እንዳይፈጀው በታንቡር ፍሬን ተኩት። ሞተሩንም ቀየሩት፤ የፊያቷ ካምሻፍት ታች ነበር፣ የላዳዋ ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ። ካምሻፍቱ ወደ ላይ ቢወጣም ታች፣ በሞተሩ ግራ ጎን፣ አንዲት ትንሽ አጋዥ ዘንግ አለች። የዘይት ፓምፑን፣ የቤንዚን ፓምፑንና እሳት አከፋፋዩን፣ ማለትም ዲስትሪቢዩተሩን፣ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ይቺን ዘንግ አደራ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሙቀቱን በተመለከተ ግን፣ ያቺው 124 በስፔን ሴአት ተብላ፣ በቱርክ ሙራት ተብላ ተሠርታለች። ቀፎዋ ህንድ ድረስ ሄዷል። ሶቪየት ራሷ ሳይቤሪያ ብቻ አልነበረችም፤ ታሽከንትና አሽጋባትም ሶቪየት ነበሩ፣ የታሽከንትን ሐምሌ ለጠየቀ ደግሞ አዲስ አበባ ማቀዝቀዣ ናት። አባቴ የሚያዝንላት ስደተኛ ከኛ የባሰ ፀሐይ ያየች ነበረች።

ወደ እኛ የመጣችው በደርግ ዘመን ነው፣ አገሪቱ ከሞስኮ ጋር በገጠመችበት ጊዜ። ከሷ በፊት የከተማው ታክሲ ሰይቼንቶ ነበር፣ ማለትም ፊያት 600፤ ያቺ ጠባብ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚገርመኝ ነገር አለ። ላዳ ስትመጣ መጽሐፏ ሩሲያኛ ነበር፣ የጋራዡ ቋንቋ ግን ከድሮ ጀምሮ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሚኒሞ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣሊያን የቀረ ነው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው። ኮፈን ብለን የምንከፍተው ጣሊያኖቹ ኮፋኖ የሚሉት ነው፤ ሣጥንም ማለት ነው። የአዲስ አበባ መካኒክ የሩሲያ መኪና ሆድ ከፍቶ ዕቃዎቹን በጣሊያንኛ ሲጠራ፣ ሳያውቀው በእናቷ ቋንቋ እያነጋገራት ነበር። ቶሊያቲ ያለው ሠራተኛ እንኳ እንዲህ አልጠራትም።

ወደ 2002 ልመለስ። አባቴ በዚያ በጋ ሁለት ጋራዥ ገብቷል። የመጀመሪያው ፓምፑን ቀየረለት። ለሦስት ቀን ደህና ሆነች፤ በአራተኛው ጠፋች። ሁለተኛው ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ፣ ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን ቀየረ፣ ካንዴላዎቹንም። አንድ ሳምንት። ከዚያ ጠፋች። ችግሩ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንደሚሻለው በሽተኛ መሆኑ ነው፤ ጋራዥ ስትገባ እንደ ሰዓት ትሠራለች። መካኒኩ የሚያየው የምትሠራ መኪና ነው፣ ስለዚህ የሚቀይረው የጠረጠረውን ነው። በተቀየረ ቁጥር ለጥቂት ቀን መዳኗ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ተስፋውን ያራዝመዋል፣ ብሩን ይበላል። አጎቴ "ሽጣት" ማለት ጀመረ። ገዢም አመጣ። የአባቴ ሥራ እሷ ብቻ ናት፤ ከሸጣት በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አላወራም።

ሦስተኛው መካኒክ ሽማግሌ ነበሩ፣ በልጅነታቸው ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መፍቻ በማቀበል የጀመሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮፈን ሳይከፍቱ አባቴን ጠየቁት።

"ስትጠፋ እንዴት ነው የምትጠፋው? ትንተፋተፋለች ወይስ ጭጭ?"

"ጭጭ ነው የምትለው ጋሼ። በአንዴ።"

"ቤንዚን ያጣ ሞተር እኮ በአንዴ አይሞትም። ያስላል፣ ይጎትታል፣ ይለምንሃል። በአንዴ የሚሞት እሳት ያጣ ነው።"

"በጨርቅ ሳቀዘቅዘው ግን ይነሳል!"

ጋሼ ዝም አሉ። በኋላ እንደገባኝ ጨርቁ እሳቸውንም አስቸግሯቸው ነበር። "አንድ ቀን ስጠኝ" አሉት። "ተሳፋሪ አትጭንም። እኔ አብሬህ እቀመጣለሁ፤ እስክትጠፋ እንነዳታለን።"

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። የአንድ ቀን ገቢ፣ የአንድ ቀን ቤንዚን፣ ደግሞ ቸርችል። "ጋራዥ ማለት መኪና ቆሞ የሚሠራበት አይደለም እንዴ?" አለ። እሺ ያለው እናቴ ማታ ካናገረችው በኋላ ነው።

ጋሼ በማግስቱ ይዘውት የመጡት አንዲት አምፖል ነው። ከመኪና ትንሽ መብራት የወጣች፣ ሁለት ረጅም ሽቦ የተበየደባት። ይህች አምፖል ምን እንደምታደርግ ለመረዳት ወደ 1910 አካባቢ ትንሽ መሄድ ያስፈልጋል፤ አጭር ነው። አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል መሐንዲስ ለካዲላክ መኪናዎች አንድ የእሳት ዘዴ ሠራ። የባትሪው ኤሌክትሪክ ቦቢና ውስጥ ባለ የተጠቀለለ ሽቦ ያልፋል፣ ከዚያ ፑንቲና በምትባል ትንሽ በር በኩል ወደ ቀፎው ይሄዳል። ሞተሩ ሲዞር በሯ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ስትከፈት ፍሰቱ በድንገት ይቋረጣል፤ ያ ድንገተኛ መቋረጥ በቦቢናው ሁለተኛ ሽቦ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይወልዳል፣ ካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት ሆኖ ይፈነጥቃል። የኛም ላዳ እንደ አብዛኛው የዘመኗ መኪና ይህንኑ ነበር የምትጠቀመው። የፑንቲናዋ ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መላው ቤተሰብ በዚያች ክፍተት ይበላል።

ጋሼ የአምፖሏን አንድ ሽቦ ቦቢናው ላይ፣ ወደ ፑንቲና የሚሄደው ሽቦ በሚነሳበት ጫፍ አሰሩ፤ ሌላውን ቀፎው ላይ። ከዚያ ሽቦዎቹን በመስኮት አስገብተው አምፖሏን ከፊት ለፊቴ በፕላስተር ለጠፏት። እሳቸው ከፊት ከአባቴ ጋር ናቸው፣ እኔ ከኋላ በሁለቱ ወንበር መሀል አንገቴን አስግጌያለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ መንገድ የምናየው እኛ ነን። አንቺ አምፖሏን ብቻ ነው የምታዪው። ልብ በይ። አሁን ሞተሩ ሲሠራ ደብዘዝ ብላ ትርገበገባለች፣ አየሻት? ስትጠፋብን ከሦስት አንዱን ታደርጋለች። ጭራሽ ከጨለመች ከባትሪው እስከ ቦቢናው ያለው መንገድ ነው የተቆረጠው። እንደተርገበገበች ከቀጠለች ፑንቲናው ሥራ ላይ ነው፣ ወደ ቤንዚኑ እንሄዳለን፣ አባትሽ ልክ ነው ማለት ነው። ቦግ ብላ ከቀረች ደግሞ ኤሌክትሪኩ ቦቢናውን አልፎ መውጫ አጥቷል።"

በሕይወቴ ከዚያ በፊት ማንም ሰው ይህን ያህል ትልቅ ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ለገሃር፣ ቸርችል፣ ፒያሳ፣ ተመልሶ ቁልቁል። አንድ ጊዜ ወጣን፤ ምንም። ሁለተኛ ወጣን፤ ምንም። አባቴ የነዳጁን ጌጅ በየደቂቃው ያያል። መንገድ ዳር እጃቸውን የሚያነሱለትን ሰዎች ሲያልፋቸው ከንፈሩን ይነክሳል። አራተኛው ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ዳገቱ ጋ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ቤንዚን ሲሰጣት ጭጭ አለች።

"ቦግ!" ብዬ ጮህኩ። "ቦግ አለች ጋሼ፣ ቦግ እንዳለች ነው!"

በዚህ ጊዜ ጋሼ ድንጋይ ይዘው ወርደው ጎማው ሥር አድርገዋል። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከልማዱ፣ ጨርቁን እያራሰ ነው። ሊጠመጥመው ሲል ጋሼ እጁን ያዙት።

"እንዳትነካ! ባለችበት ተዋት።"

የዲስትሪቢዩተሩን ኮፍያ አንስተው አዩ፤ ፑንቲናው የተዘጋ ነው። በሩ ከተዘጋ ኤሌክትሪኩ ወደ ቀፎው ማለፍ፣ አምፖሏም መጥፋት ነበረባት። ግን ቦግ ብላለች። በቦቢናውና በፑንቲናው መሀል ያለው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ከክንድ ያነሰ። ጋሼ በአመልካች ጣታቸው ሽቦውን ዲስትሪቢዩተሩ ጋ በሚታሰርበት አጠገብ ጫን አደረጉት።

አምፖሏ ጠፋች። ጣታቸውን አነሱ፤ ቦግ። ጫኑ፤ ጥፍት። አባቴን ጠርተው በራሱ ጣት አስነኩት። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመው፣ እንደ ሕፃን።

ሽቦውን ፈትተው ላስቲኩን በምላጭ ሲሰነጥቁት ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሯል፤ ከቀጫጭኖቹ ክሮች አብዛኞቹ ተበጥሰዋል፣ የቀሩት ጫፍ ለጫፍ እየተነካኩ ነው የሚሠሩት። ከላይ ላስቲኩ ደህና ስለሆነ ዓይን አያየውም። ሞተር ዳገት ላይ ሲጨነቅ በጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ሽቦው አጭር ስለነበረ ባጋደለ ቁጥር ይሳባል፤ ሲሳብ ክሮቹ ይለያያሉ። ለጥ ባለ መንገድ ላይ አይሳብም። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አይሳብም።

ጨርቁስ? ያቺን አጋዥ ዘንግ አስታውሱ። ቤንዚን ፓምፑንም ዲስትሪቢዩተሩንም የምታንቀሳቅሰው እሷ ስለሆነች ሁለቱ በሞተሩ ግራ ጎን ጎረቤት ናቸው። አባቴ ጨርቁን ፓምፑ ላይ ሲጠመጥም የእጁ ጀርባ ሽቦውን ይገፋዋል። ክሮቹ ይነካካሉ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ሃያው ደቂቃ ምንም ሥራ አልነበረውም፣ ወዲያው ቁልፉን ቢያዞር ኖሮ ትነሳ ነበር። መድኃኒቱ እየሠራ ነበር፣ በሽታው ግን ሌላ ነው። ፓምፑን የቀየረው መካኒክም እጁ እዚያው ነበር፤ ፑንቲናውን የቀየረው ሽቦውን ራሱን ፈትቶ መልሶ አስሮታል። ለሦስት ቀንና ለአንድ ሳምንት የዳነችው ለዚህ ነው።

አሁን ታሪክ ሳነብ፣ አንድ መንግሥት ለምን ወደቀ፣ አንድ ረሃብ ለምን ገባ ሲባል፣ ጨርቁ ትዝ ይለኛል። ከፍታው እውነት ነው፣ ሙቀቱ እውነት ነው፣ ቤንዚን መትነኑ እውነት ነው፣ ጨርቁ ማስነሳቱም እውነት ነው። አራት እውነት ተደርድሮ የሰጠን መልስ ግን ልክ አልነበረም። ጋሼ ከኛ የተለየ ብዙ ነገር አያውቁም ነበር፤ የሶቪየትን ታሪክ ከአባቴ ያነሰ ነው የሚያውቁት። የተለዩት በምትጠፋበት ሰዓት አጠገቧ ለመገኘት በመፈለጋቸው ነው፣ ከዚያም እጅ ሳያስነኩ በማየታቸው።

አዲሱን ሽቦ አራት ጣት ያህል አስረዝመው አሰሩት፣ ሞተሩ ሲያጋድል እንዲላወስ። ዋጋው አስር ብር አይሞላም። ለድካማቸው አባቴ የሰጣቸውን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱ፤ አምፖሏን ለኔ ሰጡኝ።

ላዳዋ ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ጠፍታ አታውቅም። አባቴ ግን ፒያሳ ለመመለስ ሁለት ወር ፈጀበት። መጀመሪያ ብቻውን፣ ማታ፣ መንገዱ ጭር ሲል ሞከረው።

የሸጣት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። አሁን አገሩ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በከተማው ካንዴላም ፑንቲናም የሌላቸው መኪናዎች ድምፅ ሳያሰሙ ቸርችልን ይወጣሉ። ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ ሚኒሞ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ይኑር አይኑር እንጃ።

ገዢው የመጣ ዕለት ቤት ነበርኩ። ወጣት ነው፤ ላዳዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ኮፈኗን ከፈተ፣ ከወንበሩ ሥር እጁን ሲሰድ ያ አሮጌ ጨርቅ ወጣ። ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል።

"ይሄ ምንድነው አባባ?" አለው።

አባቴ ጨርቁን ተቀበለው፣ አጣጠፈው፣ በክብር መለሰለት። "እሱን እንዳትጥለው" አለ። "ዳገት ላይ ከጠፋችብህ ታርሰውና ፓምፑ ላይ ትጠመጥመዋለህ። ቤንዚኑ እየፈላ ነው።"

እኔን ዞር ብሎ አላየኝም።